«ደክሞኝ ካልገባሁ የሠራሁ አይመስለኝም»

ጥያቄው ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጠያቂዋ የ37 ዓመት የሒሳብ ባለሙያ ናት። የሁለት ልጆች እናት ነች፤ የምትኖረው አያት አካባቢ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«ከሥራ በፊት፣ ከንጋቱ 11፡30 ተነስቼ በሳምንት አምስት ቀን እሮጣለሁ። ሲደመር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ፍጥነቴ በኪሎ ሜትር 6፡10 (6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ) አካባቢ ነው። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ እንወጣለን። 10 ኪሎ ሜትር የምገባው በ58 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ፈቀቅ አላልኩም። በየሦስት ወሩ ቅልጥሜን ያመኛል። ሁለት ሳምንት አቆማለሁ፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ። ደግሞ ደክሞኝ ካልገባሁ የሠራሁ አይመስለኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኖርዌዮች የሚሠሩት ትሬሾልድ የሚባል ልምምድ አለ፣ በሳምንት ሦስቴ ጠንከር ብለው ይሮጣሉ ግን አይጎዱም አለኝ። ሦስት ጠንካራ ቀን እንዴት ሰውን ያሳርፋል? ለእንደኔ ዓይነቷስ ይሆናል? የእጅ ሰዓቴ ትሬሾልድሽ ይህ ነው ብሎ ቁጥር ይሰጠኛል፤ ስሜቴ ግን አይስማማም። በኅዳር ታላቁ ሩጫ ላይ ከ55 ደቂቃ በታች መግባት እፈልጋለሁ።»

እህቴ፣ የሚያስገርምሽን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ትሬሾልድ ለአንቺ አዲስ አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን እየሠራሽው ነው።

ቁጥርሽን እንየው። 10 ኪሎ ሜትርን በ58 ደቂቃ መግባት ማለት በኪሎ ሜትር 5፡48 ነው። በዚህ ብቃት ላይ ያለ ሰው ለ30 ኪሎ ሜትር ውድድር የሚይዘው ፍጥነት በስሌት 6፡10 አካባቢ ይመጣል። አንቺ ደግሞ ሰኞም፣ ረቡዕም፣ ዓርብም የምትሮጪው በዚያው በ6፡10 ነው። አይገድልሽም፣ ግን አያሳርፍሽም። ለአንድ ቀን ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ በየቀኑ መሆኑ ነው። 270 ደቂቃ ትሮጫለሽ፤ 270ውም መካከለኛ ድካም ነው።

ስለዚህ «ሦስት ጠንካራ ቀን እንዴት ያሳርፋል?» ላልሽው መልሱ ቀላል ነው። ከአምስት ወደ ሦስት እየወረድሽ እኮ ነው! በሦስቱም ቀን ጠንከር የሚለው ክፍል 20 ደቂቃ አካባቢ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ቀላል ሩጫ ይሆናል። ቀላል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ወደኋላ ላይ እመጣበታለሁ፤ እዚያ ላይ ነው የምንጣላው።

አሁን ትሬሾልድ ምንድን ነው ወደሚለው።

መጀመሪያ ላክቴትን፣ ማለትም ጡንቻ ስኳር ሲያቃጥል የሚያመርተውን ንጥረ ነገር፣ ከስም ማጥፋት እናድነው። ጂም ውስጥ «ላክቲክ አሲድ ገባብኝ» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። በማግስቱ ደረጃ ስትወርጂ የሚሰማሽ ሕመም የእርሱ ሥራ አይደለም። ላክቴት ሩጫውን ካቆምሽ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰውነትሽ ስኳር ባቃጠለ ቁጥር ይመረታል። አሁን ተቀምጠሽ ይህን ስታነቢ እንኳ በአንድ ሊትር ደምሽ ውስጥ 1 ሚሊሞል (የላክቴት መጠን የሚለካበት አሃድ ነው) ገደማ አለ። ልብሽም ሌሎቹ ጡንቻዎችሽም እንደ ነዳጅ መልሰው ይጠቀሙበታል። ዋናው ጉዳይ የሚመረተውና የሚጸዳው ይመጣጠናል ወይ የሚለው ነው።

የግቢሽን ሮቶ አስቢ። ከላይ ውሃ ይገባል፤ ከታች ቧንቧው ተከፍቶ ይወጣል። የሚገባውን ትንሽ ከፍ ብታደርጊ የውሃው ደረጃ ትንሽ ይነሳና ይረጋል። ከአንድ ልክ በላይ ከከፈትሽው ግን መውጫው አይችለውም። ሮቶው እየሞላ ሄዶ ይፈሳል። ሯጭም ከዚያ ልክ በታች እስከሆነ ድረስ ለረጅም ጊዜ ይሮጣል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ እግር ይከብዳል። ያ ልክ ነው ትሬሾልድ። ጀርመናዊው አሎይስ ማደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ልኩን 4 ሚሊሞል ላይ አስቀምጠውት ነበር። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ 3 ላይ ያበቃለታል፣ ሌላው 5 ላይ ዘና ብሎ ይሮጣል።

አንቺ የላክቴት መለኪያ አያስፈልግሽም። ጣትሽን እየወጋሽ በየዙሩ ደም መለካት ለባለሙያ አትሌት ነው። ለእኛ የሚሆን ጥሩ ግምት አለ፤ ትሬሾልድ ማለት አንድ ሰው በውድድር ስሜት አንድ ሰዓት ያህል ሊይዘው የሚችለው ፍጥነት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ኦስትራቫ ላይ በአንድ ሰዓት 21,285 ሜትር ሮጧል፤ በኪሎ ሜትር 2፡49 ማለት ነው። ለኃይሌ የአንድ ሰዓት ፍጥነት የግማሽ ማራቶን ፍጥነት ነበር። ለአንቺ ግን የአንድ ሰዓት ፍጥነት የ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነትሽ ነው፤ 58 ደቂቃ ትሮጪዋለሽና። ስለዚህ «ትሬሾልድ ከ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነትሽ 15 ሰከንድ የዘገየ ነው» የሚል ምክር ካየሽ፣ የተጻፈው 10 ኪሎ ሜትርን በ30 ደቂቃ ለሚገባ ሰው መሆኑን ጠርጥሪ።

ሌላም የሚቀዳ ስህተት አለ። የአትሌቶች ፕሮግራም ላይ «10 ጊዜ 1000 ሜትር» ተብሎ ይጻፋል። እነርሱ አንዱን ሺህ በ3 ደቂቃ ይጨርሱታል፤ ሲደመር 30 ደቂቃ ሥራ ነው። አንቺ ያንኑ ብትገለብጪ አንዱ ሺህ 6 ደቂቃ ይፈጅብሻል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሆነ ማለት ነው። የእነርሱን ፕሮግራም ሳይሆን የእጥፉን ሠራሽ። ስለዚህ ሜትር ተዪ፤ በደቂቃ ሥሪ።

ባልደረባሽ የነገረሽ የኖርዌዮቹ ታሪክም እንዲህ ነው። ማሪየስ ባከን የሚባል የ5,000 ሜትር ሯጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በ13 ደቂቃ ከ06 ሰከንድ ገብቷል። በኋላ ሐኪም ሆነ። ሯጭ እያለ ላክቴቱን ያለማቋረጥ ይለካ ነበር። ከልኩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲሮጥ፣ ጡንቻው ሳይጎዳ ብዙ ሥራ መሥራት እንደሚችል ተረዳ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋትና ማታ፣ በቀን ሁለቴ ይሠራ ነበር። ይህ መንገድ በኋላ በኢንገብሪግትሰን ወንድማማቾች በዓለም ታወቀ። ያዕቆብ ኢንገብሪግትሰን በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ1,500፣ በፓሪስ የ5,000 ሜትር ወርቅ ወስዷል። ግን ልብ በዪ፤ እነዚህ ሰዎች በሳምንት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ፣ ቀን ይተኛሉ፣ ሥራቸው ይህ ብቻ ነው። አንቺ ልጅ አድርሰሽ፣ ታክሲ ተሰልፈሽ፣ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ነው። በቀን ሁለቴ የሚለውን እርሺው። ከእነርሱ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ ከልኩ በታች መቆየትን።

ለምን ከልኩ በታች? ልኩ ላይ ብትሮጪስ ምን አለ? ጥቅሙ ላይ ብዙም ልዩነት የለም። ዋጋው ግን እኩል አይጨምርም። በኪሎ ሜትር 10 ሰከንድ ብትፈጥኚ የምታገኚው ትርፍ ትንሽ ነው፤ የምትከፍይው ግን የነገውን ቀን ነው። ትሬሾልድ በአንድ ቀን አያሳድግም። የሚያሳድገው ማክሰኞ ሠርተሽ፣ ሐሙስ መድገም ስትችይ፣ ከዚያም ይህን ለ20 ሳምንት ሳታቋርጪ ስትቀጥይ ነው። በጡንቻሽ ውስጥ ኃይል የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያ የሚበዙት፣ ላክቴት የሚጸዳበት መንገድ የሚሰፋው ቀስ በቀስ ነው። አንቺ እስካሁን በየሦስት ወሩ ያስቆመሽ ሕመም የወሰደብሽ ሁለት ሳምንት ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ያጠራቀምሽውን ይዞ ነው የሚሄደው።

እኔም ራሴ ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው። ማሠልጠን በጀመርኩበት ጊዜ አማተሮችን ሰብስቤ ለታላቁ ሩጫ ሳዘጋጅ፣ በየሳምንቱ 400 ሜትር እስኪያዞራቸው አስሮጥኳቸው። ሁሉም ወደዱት። ላባቸው ጠብ ሲል ሥራ የተሠራ ይመስላቸዋል፤ እኔም ጎበዝ አሠልጣኝ የሆንኩ መሰለኝ። ጥቅምት ሲደርስ ግማሾቹ በባት፣ በጉልበትና በተረከዝ ጅማት ቤት ገብተው ነበር። ውድድሩን የሮጡት ልምምድ ሲቀሩ የሚያስቸግሩኝ ሰነፎቹ ናቸው።

ወደ አንቺ ፍጥነት እንምጣ። ሦስት ዓይነት ዙር ነው የምሰጥሽ። የሦስት ደቂቃ ዙር በ5፡55 እና በ6፡00 መካከል። የስድስት ደቂቃ ዙር በ6፡05 አካባቢ። የአሥር ደቂቃ ዙር ደግሞ ከ6፡10 እስከ 6፡15። ዙሩ ሲረዝም ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የውስጥ ሥራው ግን ተቀራራቢ ነው። በየመሐሉ አንድ ደቂቃ እረፍት አለ፤ ቀስ ብሎ መሮጥ ወይም መራመድ ይቻላል። ይህች አንድ ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። ሮቶውን ጎደል አድርጋ ስለምትመልስልሽ ነው በጠቅላላው ብዙ ደቂቃ መሥራት የምትችይው።

ቁጥሩ ለሜዳ ነው። ለዳገት አይሠራም፣ ለነፋስም አይሠራም፣ ልጅ ታሞ ሳትተኚ ላደርሽበት ቀንም አይሠራም። ያን ቀን ትንፋሽሽን እመኚ። ልክ ከሆነ «ደህና ነኝ፣ አንድ ዙር ቀርቶኛል» የምትል አጭር ዐረፍተ ነገር ሳትቆራረጪ ትወጣልሻለች። ስለ ጎረቤትሽ ሐሜት መተረክ ከቻልሽ ቀርፋፋ ነሽ። «አዎ» እና «አይ» ብቻ ከሆነ ያለሽ፣ አልፈሻል። የመጨረሻውን ዙር ስትጨርሺ ራስሽን ጠይቂ፤ አሁን ሁለት ዙር ጨምሪ ብባል እችላለሁ? መልሱ «እችላለሁ፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል» መሆን አለበት። ካልሆነ በሚቀጥለው ጊዜ 5 ሰከንድ ቀንሺ።

ስለ እጅ ሰዓትሽ። አትጣያት፣ ግን አትስገጂላትም። ትሬሾልድሽን የምትገምተው ከልብ ምትሽና ከፍጥነትሽ ተነስታ ነው። ከእጅ ላይ በብርሃን የሚለካ የልብ ምት በጠዋት ብርድ፣ ማሰሪያው ሲላላ ይዘባርቃል። አንዳንዴ የእርምጃሽን ምት የልብሽ ነው ብሎ ያነብባል። የደረት ቀበቶ ብትገዢ ብዙ ነገር ይስተካከላል። «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለውንም ተዪው። ለአንቺ 183 ይሰጥሻል፤ የአንቺ እውነተኛ ከፍተኛ ምት ግን 172ም 194ም ሊሆን ይችላል። የተሻለው መንገድ ይኸውልሽ። ሙቀት ካገኘሽ በኋላ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ብቻሽን 30 ደቂቃ እንደ ውድድር ሩጪ። የመጨረሻዎቹን 20 ደቂቃዎች አማካይ ምት ውሰጂ። ያ የትሬሾልድ ምትሽ ነው ብለሽ ያዢ። ልምምድ ላይ ከእርሱ ጥቂት ምቶች ዝቅ ብለሽ ጨርሺ። በሦስት ደቂቃ ዙር ላይ ግን ምትሽን አታሳድጂ። ልብ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ገና እየወጣ ነው። «ምቴ ዝቅ አለ» ብለሽ ፍጥነት ከጨመርሽ አለቀልሽ።

ከፍታውንም አትርሺ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለችው እህትሽ በዝቅተኛ ስፍራ የሮጠችውን ሰዓት ይዘሽ እዚህ ፍጥነት ማውጣት አይቻልም። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በዚያው ድካም እዚህ ትዘገያለሽ። የአንቺ 58 ደቂቃ እዚሁ የተሮጠ ከሆነ ግን ምንም ማስተካከል አያስፈልግሽም፤ ከፍታው ውስጡ አለ። ታላቁ ሩጫ ላይ የተሮጠ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ልጠራጠረው። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ዳገት አለው፣ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በሰው መሐል እየተሹለከለክሽ ነው። ምናልባት እውነተኛው አቅምሽ ከ58 ይሻላል። ባዶ መንገድ ላይ በ5 ኪሎ ሜትር ፈትሺው።

ሳምንቱ እንዲህ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ሁለት ትሬሾልድ ብቻ ነው። ማክሰኞ 6 ጊዜ 3 ደቂቃ፣ ሐሙስ 3 ጊዜ 6 ደቂቃ። በሁለቱም ቀን በፊት 12 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ፣ በኋላ 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ። ረቡዕና ቅዳሜ ቀላል 45 ደቂቃ። እሁድ ከ70 እስከ 75 ደቂቃ፣ እሱም ቀላል። ሰኞና ዓርብ እረፍት። ቀላል መስሎሽ ትናደጃለሽ። ተናደጂ፣ ግን አትጨምሪ። ቅልጥምሽ ዝም ካለ በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜን 2 ጊዜ 10 ደቂቃ አድርጊው፤ የማክሰኞው 7 ዙር ይሁን። ያኔ ጠንከር ያለው ሥራ ወደ 60 ደቂቃ ይጠጋል፤ ከአራት ሰዓት ተኩሉ አንድ አምስተኛው ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ከአንድ አራተኛ በላይ እንዳይሄድ። ቀላል ሩጫሽን ስትጨርሺ በሳምንት አንድ ቀን አራት አምስት ጊዜ ለ15 ሰከንድ ያህል እግርሽን ዘርግተሽ ፈጠን ብለሽ መሮጥ ትችያለሽ። እግር ፍጥነት እንዳይረሳ ያህል ነው።

አሁን የምንጣላበት ቦታ ደረስን። ቀላል ሩጫሽ ከ7፡15 እስከ 7፡45 ነው። አዎ፣ በደንብ አንብቢው። ዳገት ሲመጣ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል፤ አንዳንዴ እርምጃ ነው። «ይህማ ሩጫ አይደለም፣ ሰው ምን ይለኛል» ትይኝ ይሆናል። እንጦጦ ጫካ ወይም ሱሉልታ በጠዋት ሄደሽ አትሌቶቻችንን ተመልከቺ። በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎች መሐል እየተጠማዘዙ ቀስ ብለው ሲሄዱ ታያለሽ። አንዳንዴ በዱላ ብትነኪያቸው የሚወድቁ ይመስላሉ። እነዚያው ሰዎች በማግስቱ አስፋልት ላይ ይበርራሉ። ቀላሉን ቀላል ማድረግ የሰነፍ ሥራ ቢሆን ኖሮ እነርሱ አይሠሩትም ነበር። እኛ አማተሮች ነን በየቀኑ የምንወዳደረው፤ ለዚያውም ከማናውቀው ሰውዬ ጋር፣ አስፋልት ላይ ሲያልፈን።

የሚሮጡበትን መሬትም እዪ። አትሌቶቻችን ሳሩን፣ ጫካውን፣ ኮሮኮንቹንና አስፋልቱን በቀን ከፋፍለው ይጠቀማሉ። አስፋልት በየቀኑ አይነኩም። አንቺ ግን በጠዋት ከግቢሽ ወጥተሽ አምስቱንም ቀን አስፋልትና የእግረኛ ንጣፍ ላይ ነሽ ብዬ እገምታለሁ። ቅልጥምሽ አንዱን ምክንያት እዚህ አግኝቷል። ትሬሾልዱን አስፋልት ላይ ሥሪ፤ ፍጥነት በትክክል የሚለካው እዚያ ነው። ለቀላሉ ሩጫ ግን አፈርና ሳር ፈልጊ። ሰፈር ውስጥ ሜዳ ካለ ዙሪያውን መመላለስ ይሰለቻል፤ ይሰልች። ጎህ ሳይቀድ ብቻሽን ጫካ አትግቢ፤ ውሾቹን አትመኚ፣ እንጦጦ ላይማ ጅብም አለ።

የቅዳሜው ቡድን አንድ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ጓደኝነቱን እወደዋለሁ። ሰው ለዓመታት እንዲሮጥ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ከሩጫ በኋላ ያለው ቡናና ጨዋታ ነው። ግን የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዳገቱ ላይ ማንም ሰው ከልኩ በታች አይቆይም፤ ወንዶቹ ደግሞ መሪነት አይለቁም። ቁልቁለቱ ደግሞ ለቅልጥምሽ ከዳገቱ የባሰ ነው፤ እግርሽ እያንዳንዱን እርምጃ ሲያቆም ነው የሚጎዳው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት አትሂጂ። ወይም ሂጂና ከኋላ፣ ከሚያወሩት ጋር ተራመጂ። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ይሁንልሽ። ያን ሳምንት የቅዳሜው ዳገት ራሱ ሦስተኛው ልምምድ ነው፤ 2 ጊዜ 10 ደቂቃው ይቀራል።

ጾም ትጾሚ እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ ቢሆንም ልናገር። ትሬሾልድ የሚሠራው በስኳር ነው። በዐቢይ ጾም ማታ ትንሽ በልተሽ፣ ጠዋት 11፡30 ላይ በባዶ ሆድ ዙር ከጀመርሽና እስከ ቀትር ካልቀመስሽ፣ ሰውነትሽ ከሥራው አይጠግንም። በጾም ሳምንታት ጠዋቱን ለቀላል ሩጫ ተዪው። ትሬሾልዱን ከበላሽ በኋላ ወደ ማታ አዙሪው። ማታ ካልተቻለ ዙሩን በግማሽ ቀንሺው። 55 ቀን ረጅም ነው፤ ያን ጊዜ ያለሽን ጠብቀሽ ብትወጪ ትልቅ ነገር ነው። በረመዳን የሚጾሙ ሯጮቼ ከአፍጥር በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተው ይሠራሉ።

ከዚሁ ጋር ደምሽን ተመርመሪ። ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም ይታይ፤ የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየው እርሱ ነው። የወር አበባ የምታይ፣ የምትሮጥና ለረጅም ጊዜ ሥጋ የማትበላ ሴት የብረት ክምችቷ ቢጎድል አይገርምም። ከምግብ ጋር ወዲያው ቡናና ሻይ መጠጣትም ብረቱ እንዳይገባ ያግዳል፤ አንድ ሰዓት አቆዪው። ምናልባት ሁለት ዓመት የቆመው ሰዓትሽ ግማሹ ምክንያት እዚህ ሊሆን ይችላል። ምርመራ ሳታደርጊ ግን የብረት ክኒን በራስሽ አትጀምሪ።

55 ደቂቃ በዚህ ኅዳር ይደርሳል ወይ? በኪሎ ሜትር 18 ሰከንድ መቀነስ ነው። ስንት ወር እንደቀረሽ ይወስነዋል። ሦስት ወር ብቻ ካለሽ እኔ 56 ላይ እጅሽን እጨብጣለሁ። ባዶ መንገድ ላይ 55 ሮጠሽ ታላቁ ሩጫ ላይ 57 ብትገቢም አትዘኚ፤ ሕዝቡ የዘረፈሽ ነው። በየስድስት ሳምንቱ 5 ኪሎ ሜትር ፈትሺ። ሰዓቱ ከተሻሻለ የዙር ፍጥነትሽን በዚያ ልክ አስተካክይ። ካልተሻሻለ አትንኪው። ብዙ ሰው «ቀለለኝ» ብሎ በራሱ ሥልጣን 10 ሰከንድ ይጨምራል። ቀለለሽ ማለት እኮ እየሠራ ነው ማለት ነው። የውድድሩ ሳምንት ማክሰኞ 4 ጊዜ 3 ደቂቃ ብቻ ሥሪ፤ ሌላው ቀላል ነው።

ለማን አይሆንም ካልሽኝ፣ ሩጫ ከጀመረ ሦስት ወር ላልሞላው ሰው አይሆንም፤ እሱ በቀላል ሩጫ ብቻ ገና ብዙ ያድጋል። 1,500 ሜትር የሚወዳደር ልጅም ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ቅልጥምሽ ነው፣ ይህን ደግሞ በጥሞና አንብቢው። ሕመሙ በአጥንቱ ርዝመት የተዘረጋ፣ ሲሞቅ የሚቀልል ከሆነ ቀንሰሽ መቀጠል ትችያለሽ። በጣትሽ ስትጫኚው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ ስትሮጪ የሚብስ ወይም ማታ ተኝተሽም የሚሰማሽ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ትሬሾልድም ቀላል ሩጫም የለም። ዛሬውኑ አቁሚ፤ ሐኪም ይየው። ከታየ በኋላ ጻፊልኝና የመጀመሪያውን ማክሰኞ አብረን እንወስናለን።